በሰው ሠራሽ እግር እሄዳለሁ፤ ሰዓቴ ግን እርምጃዬን አይቆጥርም። ምን ላድርግ?

የቧንቧ ውሃው (ደሴ)፣ እሑድ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የተቆረጠው ከአራት ዓመት በፊት ሐረጎ ላይ በደረሰብኝ የመኪና አደጋ ነው። አሁን በሰው ሠራሽ እግር ነው የምሄደው። ደጅ ስወጣ ከዘራ እይዛለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። የደሴን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጅዳ ያለችው እህቴ ስማርት ሰዓት ላከችልኝ። ከአደጋው ወዲህ ሰውነቴ ከብዷል። ስኳር እንዳይመጣብኝ ትሰጋለች። «በቀን 10,000 እርምጃ ሙላ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ እያየሁ አበረታሃለሁ» አለችኝ። ስልኬ ላይ ካለው መተግበሪያ ጋር አገናኘነው።

በመጀመሪያው ቀን ፒያሳ ደርሼ መጣሁ። ሸሚዜ በላብ ርሶ ነበር። ሰዓቱን ሳየው 1,140 ይላል። በማግሥቱ ዝናብ ስለነበር ከቤት አልወጣሁም። ቁጭ ብዬ በቆሎ ስፈለፍል ዋልኩ። ማታ ሳየው 2,300 ይላል።

በጣም ከፋኝ። እህቴ ደውላ «ዛሬ ጎሽ፣ ትናንት ግን ሰንፈሃል» ስትለኝ ምን ብዬ ላስረዳት?

ከዚያ እልህ ያዘኝ። ቁጥሩን ካልሞላሁ ብዬ ጠዋትም ማታም መውጣት ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ቀን ያህል እንደዚያ ሄድኩ። የተቆረጠው እግሬ ጫፍ ቆሰለ። ሰው ሠራሹን እግር አውልቄ ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። ቁስሉ አሁን ድኗል። ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰዓቱ ነው የተበላሸው? ወይስ ይህ ነገር እንደኔ ላለ ሰው አልተሠራም? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።


ሆጤ ሰፈር (ደሴ)፣ እሑድ ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ እንኳን ቁስሉ ዳነልህ። እኔ ስልክና ሰዓት እጠግናለሁ። ሁለት ነገር ንገረኝ። ሰዓቱን በየትኛው እጅህ ነው የምታስረው? ከዘራውንስ በየትኛው ትይዛለህ?


የቧንቧ ውሃው፣ እሑድ ማታ 3፡12

ግራኝ ስለሆንኩ ሰዓት የማስረው በቀኝ ነው። ከዘራውንም በቀኝ ነው የምይዘው። የተቆረጠው ግራ ስለሆነ በተቃራኒው እጅ ያዝ ብለው ነው ያስተማሩኝ።


ሆጤ ሰፈር፣ እሑድ ማታ 3፡30

በቃ፣ ተገኘ። ሰዓትህ ደህና ነው።

እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት እግርህን አያይም። ውስጡ አክስለሮሜትር የሚባል በጣም ትንሽ መሣሪያ አለ። እሱ የሚያውቀው የእጅህን መወዛወዝ ነው። ሰው ሲራመድ እጁ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሰዓቱ ያንን ምት ያገኝና «እርምጃ ነው» ብሎ ይቆጥራል። ከዘራ የያዘ እጅ ግን እንደዚያ አይወዛወዝም። ከዘራው መሬት ላይ እያለ እጁም ከሱ ጋር ይቆያል። ሰዓቱ ቆመሃል ብሎ ነው የሚያስበው።

በቆሎ ስትፈለፍል ደግሞ እጅህ በምት ይሄዳል። ሊጥ ማቡካትም፣ ቡና መውቀጥም እንደዚያው ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ሰዓቴን አስራ ስታቦካ ዋለች። ብዙ መቶ እርምጃ ሄድሽ አላት።

አካሄድ ቀስ ሲልም ምቱ ይደክማል። ብዙዎቹ ርካሽ ሰዓቶች ደግሞ ደካማ ምት ይጥላሉ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይጎዳል፤ ሽማግሌም፣ ነፍሰ ጡርም፣ ከሕመም የተነሣም።

አሁን አንድ ነገር ሞክር። ሰዓቱን በደህናው እግርህ ቁርጭምጭሚት ላይ እሰረው። ማሰሪያው ካጠረ ረጅም ማሰሪያ አለ፣ ሱቅ ጠይቅ። ሜዳ ቦታ ላይ ድምፅ አውጥተህ እየቆጠርክ 200 እርምጃ ሂድ። ከዚያ ሰዓቱ ስንት እንዳለ ጻፍ። አንዴ ብቻ እንዳይሆን፣ ሦስት ጊዜ አድርገው።


ፊዚዮ ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ጠዋት 1፡50

ሆጤ ሰፈር ትክክል ብሏል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከሰዓቱ በፊት ግን ስለ ቁስሉ ላውራ፤ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ሶኬቱ (የተቆረጠው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል) ውስጥ ያለው ቆዳ እንደ ውስጥ እግር ክብደት እንዲሸከም አልተፈጠረም። በዚያ ላይ የተቆረጠው እግር መጠን በቀን ውስጥ ይለዋወጣል። ጠዋት ልክ የነበረው ሶኬት ብዙ ከሄድክ ከሰዓት በኋላ ይሰፋል። ያኔ የተቆረጠው እግር ላይ አንድ ካልሲ መጨመር ያስፈልጋል። ሳትጨምር ከቀጠልክ እግርህ ወደ ታች ይሰምጥና አጥንቱ ጫፍ ላይ ቆዳው ይፈገፈጋል። ያንተ ቁስል እንደዚህ የመጣ ይመስለኛል፣ ሳላየው ግን አልፈርድም።

ማታ ስታወልቅ በመስታወት እየው። በየቀኑ። የቀላ ቦታ ካለ ሰዓት ያዝ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ በማግሥቱ መንገዱን ቀንስ። እየተመላለሰ የሚቀላ ከሆነ ደሴ ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሄደህ ሶኬቱን አሳያቸው። ምናልባት መስተካከል ያለበት ሶኬቱ ነው።

አሁን ስለ 10,000። ይህን ቁጥር ሐኪም አላዘዘውም። እ.ኤ.አ. በ1965 ያማሳ የሚባል የጃፓን ድርጅት አንድ የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ። ስሙን «ማንፖ-ኬ» አለው፤ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። የዕቃ ስም ነበር። ከዚያ ዓለም ሁሉ ያዘው፣ ሰዓት የሚሠሩትም ያዙት። ወንድሜ፣ የቆሰልከው ለዕቃ መሸጫ በወጣ ቁጥር ነው። ይሄ ያናድደኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአካል ጉዳተኞች ለይቶ ጽፏል። የሚለካውም በደቂቃ ነው። ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ። ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ደግሞ በሳምንት 2 ቀንና ከዚያ በላይ። እዚያ መድረስ ያልቻለ ሰውም ትንሽ ቢያደርግ ከምንም ይሻላል ይላል።

«መካከለኛ» የሚለውን እንዴት ታውቃለህ? ለታካሚዎቼ የምነግራቸው ይህ ነው። እየሄድክ ማውራት ከቻልክ ግን መንዙማ ማዜም ካቃተህ፣ መካከለኛ ነው። ማዜም ከቻልክ ቀላል ነው። ሁለት ቃል ተናግረህ ትንፋሽ ካጠረህ ከባድ ነው። ለክርስቲያኖቹ መዝሙር እላቸዋለሁ። ማንም አልተሳሳተም እስካሁን።

ካሎሪውን እርሳው። ሰዓቱ ዕድሜህን፣ ክብደትህን፣ ቁመትህን ጠይቆሃል። እግርህን አልጠየቀህም። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከሌላው ሰው የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ከጉልበት በላይ ሲሆን ደግሞ በብዙ ይበልጣል። አንተ ፒያሳ ደርሰህ ስትመጣ የሠራኸውን ሰዓቱ አያውቀውም።


የቧንቧ ውሃው፣ ሰኞ ጠዋት 3፡20

ፊዚዮዋ እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ። «ሰንፈሃል» የተባልኩበት ቀን ላይ የሠራሁት ሥራ ቤት ከዋልኩበት ቀን ይበልጥ እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም። ይሄን መልእክት ለእህቴ ላክሁላት።


የጦሳ ጥላ (ደሴ)፣ ሰኞ ከሰዓት 9፡15

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ነው፣ በሁለት ክራንች 52 ዓመት ሄጃለሁ። ሰዓት የሚባለውን አልሞከርኩም፣ ልሞክረውም አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ የምለካው በምሰሶ ነው። ከቤቴ እስከ ሰኞ ገበያ መንገዱ ላይ የመብራት ምሰሶ አለ። ሳላርፍ ስንት ምሰሶ እንዳለፍኩ ማታ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከጎኑ ትከሻዬ እንዴት እንደዋለ እጽፋለሁ፤ «ደህና»፣ «ትንሽ»፣ «ክፉ» ብዬ። አሥራ አንድ ደብተር ሞልቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ደብተሩን ገለጥ ሳደርግ አንድ ነገር አየሁ። ከስድስት ምሰሶ በላይ ሳላርፍ የሄድኩ ቀን ሁሉ በማግሥቱ ትከሻዬ «ክፉ» ነው። አምስት ላይ ማረፍ ጀመርኩ። አሁን በቀን የምሄደው ከድሮው ይበልጣል። ሰዓት ይህንን ሊነግረኝ ይችል ነበር?

የኔ ሐሳብ፣ ለሌላ ሰው የተሠራ መለኪያ ይዛችሁ ራሳችሁን አትለኩ። ይህ ልጅ የቆሰለው በዚያ ነው።


ፊዚዮ ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ማታ 1፡10

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። የእርስዎ ደብተር እኛ ትምህርት ቤት «መነሻውን እወቅ» እያልን የምንማረው ነው። ሰው መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት የተለመደ ኑሮውን ይመዘግባል። ከዚያ ከራሱ ጋር ብቻ ይወዳደራል። ክራንች የሚይዝ ሰው ደግሞ ትከሻው እግሩ ነው። ትከሻዎን መመዝገብዎ ትልቅ ማስተዋል ነው። ቢፈቅዱልኝ ምሰሶውን ለታካሚዎቼ እነግራለሁ።


የጦሳ ጥላ፣ ሰኞ ማታ 1፡35

ንገሪያቸው ልጄ። ምሰሶው የሕዝብ ነው።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ማታ 2፡50

ጋሼ፣ በአክብሮት በከፊል አልስማማም። እኔ ዊልቸር ላይ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ወገቤ ነው የተጎዳው። ለኔ ሰዓቱ ጠቅሞኛል። ግን በመጀመሪያ ልቤን ሰብሮታል፣ ያንንም እናገራለሁ።

ወንድሜ ከዱባይ አፕል ዋች ከነስልኩ ይዞልኝ መጣ። በየሰዓቱ «ቁም» ይለኝ ነበር። የማይቆም ሰው ላይ በየሰዓቱ «ቁም» ሲባል ምን እንደሚሰማ ልነግራችሁ አልችልም። ሦስት ቀን አድርጌ አወለቅሁት።

በኋላ አንድ ልጅ አሳየኝ። ስልኩ ላይ ዋች የሚለውን መተግበሪያ ትከፍታለህ። ሄልዝ፣ ከዚያ ሄልዝ ዲቴይልስ ትገባለህ። እዚያ ዊልቸር የሚል አለ። እሱን ስታበራ ሰዓቱ ሌላ ይሆናል። እርምጃ መቁጠር ይተዋል፣ ጎማውን የገፋህበትን ይቆጥራል። «ቁም» ማለቱን ትቶ «ተሽከርከር» የሚል ነገር ይልሃል። አፕል ይህን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ጋርሚንም በ2023 ቬኑ 3 ከሚለው ሰዓቱ ጋር አምጥቶታል። ስለዚህ ለኛም የተሠራ አለ ጋሼ። ዋጋው ግን ለብዙ ሰው እንደማይቀመስ አውቃለሁ።

አሁን ፊዚዮዋ ያስተማረችኝን ልጨምር፣ እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። እርምጃ ሲበዛ ጥሩ ነው ይባላል። ግፊት ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ መንገድ ላይ ግፊቴ ሲያንስ ነው ጥሩ የሚሆነው። እጄን ወደ ኋላ ወስጄ ጎማውን ረጅም አድርጌ መግፋት፣ ከዚያ ለቅቄ እንዲንሸራተት መተው። ድሮ ቶሎ ቶሎ፣ አጭር አጭር እገፋ ነበር። ከቤቴ እስከ ቦርከና ድልድይ ድሮ የገፋሁትንና አሁን የምገፋውን ሰዓቱ አስተያይቶኛል። በሦስት ወር ውስጥ ከሩብ በላይ ቀነሰ። ትከሻዬም ተመስገን ነው። ይህንን በዓይኔ ባላየሁት አላምንም ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮብልስቶን ላይ አትመኑት። ንዝረቱ ያምታታዋል።

ሌላው፣ ደሴ ስወጣ የልብ ምቴ ይጨምራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል። መጀመሪያ ታመምኩ ብዬ ደንግጬ ነበር። ከፍታው ነው፤ ዳገቱም አለ።


እመ ሁለት (ደሴ)፣ ማክሰኞ ጠዋት 4፡00

ስለ እግር ብቻ እያወራችሁ ነው፤ የእጅ ነገርም ይነሣ።

ቀኝ እጄ ከክርን በታች የለም። በጦርነቱ ጊዜ ነው፣ እሱን ልተወው። ሁለት ልጆች አሉኝ። እጄ ላይ ሰዓት ማሰር ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። አስቡት። ሰዓቱን በግራ እጄ ካሰርኩት የሚነካው እጅ የለኝም። ማየት ብቻ ነው። መጀመሪያ ማሰሩስ? ዘለበት ያለውን ማሰሪያ በአንድ እጅ፣ ያውም በዚያው በሚታሰረው እጅ፣ እንዴት ይዘጋል? ለአንድ ወር በጥርሴ ነበር።

ያገኘሁትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ዘለበት የሌለው፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ማሰሪያ አለ። ጣቶቼን ሰብስቤ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ አስገባዋለሁ። በጣም ርካሽ ነው። ሁለተኛ፣ አሁን ሰዓቱን ወደ ቀኝ ክንዴ አዛውሬዋለሁ፣ ከክርን በላይ። በዚህ ግራ እጄ ነፃ ሆኖ ይነካዋል። የልብ ምትም ይነበባል። ጠባሳው ላይ ግን አይነበብም። ያ ከሰዓቱ ሥር ያለው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ውስጥ ገብቶ ደም ሲያልፍ ነው የሚያየው፤ ጠባሳ ላይ ግራ ይጋባል። ለስላሳው ቆዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

እርምጃውን አላየውም። ልጅ አዝዬ፣ ዕቃ ይዤ ስሄድ ምኑን ይቆጥራል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ያለው የልብ ምቴ። ከአደጋው በኋላ 88 ነበር። አሁን 74 ነው። ስድስት ወር ፈጅቷል። ማንም ሳያየኝ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ቤት ውስጥ በሠራሁት ነው። ጋሼ፣ እኔ ያንን ቁጥር ሳይ አልቅሻለሁ። ደብተር ይህን አይሰጠኝም ነበር።


የጦሳ ጥላ፣ ማክሰኞ ጠዋት 4፡40

ልጄ፣ አንጀቴን በላሽው። ቃሌን አነሣለሁ። ያንቺን ቁጥር እኔም ብሆን እፈልገዋለሁ። እንዴት ነው በእጅ የሚቆጠረው? ሰዓት ሳልገዛ።


ፊዚዮ ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ ከሰዓት 8፡20

ጋሼ፣ ሁለት ጣትዎን የእጅ አንጓዎ ላይ በአውራ ጣት በኩል ያሳርፉ። አውራ ጣትዎን ግን አይጠቀሙ፣ የራሱ ምት አለውና ያምታታል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ፣ 30 ሰከንድ ቆጥረው በሁለት ያባዙት። ደብተርዎ ላይ ከምሰሶው ጎን ይጻፉት።

እመ ሁለት፣ ክንድ ላይ መልበስሽ ትልቅ ብልሃት ነው። ስፖርተኞች ሆነ ብለው ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ይገዛሉ። በአንድ እጅ ሰዓት ለመቆጣጠር ደግሞ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 አሲስቲቭታች የሚባል አምጥቷል። አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ማገናኘት ወይም ጡጫ መጨበጥ ሰዓቱን ያዘዋል። ስክሪኑን መንካት አያስፈልግም። የሚያገኝ ካለ ይወቀው ብዬ ነው።


የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ማታ 1፡00

ይቅርታ፣ ስለ አባቴ ልጠይቅ። ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ሰንፏል። ስኳርም ደም ግፊትም አለበት። ለግፊቱ አቴኖሎል የሚባል መድኃኒት ይወስዳል። እየጎተተም ቢሆን ግቢውን ይዞራል። ሰዓት ልገዛለት አስቤ ነበር። ቁርጭምጭሚት ላይ ልሰርለት?


ፊዚዮ ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡45

እህቴ፣ ጥሩ ያደረግሽው ከመግዛትሽ በፊት መጠየቅሽ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስሜቱን ሊያጣ ይችላል። ማሰሪያ ቢያጠብቀው፣ ቢቆርጠው አይሰማውም። ስለዚህ የአባትሽ ቁርጭምጭሚት ላይ ምንም ነገር አትሰሪ። ሰዓቱን ካልሲው ላይ በክሊፕ ወይም ጫማው ማሰሪያ ላይ ማድረግ ይቻላል። አንዳንድ የሻዎሚ ባንዶች ጫማ ላይ የሚያያዝ ክሊፕ አላቸው። ደህናው ጎን፣ ማለትም ቀኝ እግር ላይ ሞክሪ። የሚጎተተው እግር ምቱ ደካማ ነው።

የልብ ምቱን ደግሞ እንደ ሌላ ሰው አታንብቢው። አቴኖሎል ልብን ቀስ ያደርጋል። ሰዓቱ ከ220 ላይ ዕድሜውን ቀንሶ ከፍተኛውን የልብ ምት ይገምትና «እዚህ ድረስ መድረስ አለብህ» ሊለው ይችላል። አባትሽ እዚያ አይደርስም፣ ሊደርስም አይገባም። ለሱ ያ የማውራት ዘዴ ይሻላል። አከርካሪው ከደረት መሃል በላይ የተጎዳ ዊልቸር ተጠቃሚም እንደዚሁ ነው። ልቡ የሚታዘዝበት መስመር ስለተነካ በኃይል ቢሠራም ምቱ ብዙ ላይወጣ ይችላል። ሰዓቱ «አልሠራህም» ቢለው አይመነው።

እና የአባትሽን እግር በየማታው እዪው። ሁለቱንም። በጣቶቹ መሃል ሳይቀር።


የሸዋ በር ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡10

ክሊፕ እፈልጋለሁ። እግሩን ዛሬውኑ አየሁ፣ ተረከዙ ላይ ስንጥቅ አለ። ነገ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። እናመሰግናለን።


ሆጤ ሰፈር፣ ረቡዕ ጠዋት 5፡00

የቧንቧ ውሃው፣ ጠፋህ። ቆጠራው ምን ሆነ?


የቧንቧ ውሃው፣ ቅዳሜ ማታ 3፡00

አልጠፋሁም። ቆዳዬን ላለመጉዳት ቀን እየዘለልኩ ነው የሠራሁት። ውጤቱ ይኸው። ሁሉም 200 እርምጃ በአፌ ቆጥሬ ነው።

ቀኝ እጅ ከነከዘራው፦ 61፣ 118፣ 37።
ደህናው ቁርጭምጭሚት፦ 104፣ 99፣ 102።
ሰው ሠራሹ እግር ላይ፣ ከእግሩ ቧንቧ ጋር ታስሮ፦ 100፣ 101፣ 98።

ቁርጭምጭሚቱም ግማሽ ነው የሚቆጥረው፣ ለምንድነው? መጀመሪያ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ቁጥሮቹን ደግሜ አየኋቸው።


ሆጤ ሰፈር፣ ቅዳሜ ማታ 3፡15

አየህ! የአንድ እግር ምት ብቻ ነው የሚያየው። በሁለት አባዛው፣ አለቀ። እጅህ ላይ ያለው ግን አንዴ 37፣ አንዴ 118 ነው። በምን ታባዛዋለህ? ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚሳሳት ዕቃ ሊታረም ይችላል። እንዳሻው የሚሳሳት አይታረምም።

ሰው ሠራሹ እግር ላይ ማሰርህ ግሩም ነው፣ ቆዳ አይነካም። ግን የልብ ምቱን አጥፋው። ፕላስቲክና ብረት ላይም ቢሆን ሐሰተኛ ምት ሊጽፍልህ ይችላል። ባትሪም ይበላል።


የቧንቧ ውሃው፣ ቅዳሜ ማታ 3፡40

አጠፋሁት። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ባትሪው ትልቅ ነገር ነው።

ከእህቴ ጋር ተነጋገርን። የፊዚዮዋን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበበችው። «እኔ ነኝ ያቆሰልኩህ» ብላ አለቀሰች። አይደለም አልኳት፣ ሁለታችንም አላወቅንም ነበር። አሁን መተግበሪያውን ትታዋለች። ማታ ማታ ትደውልና «ዛሬ ስንት ደቂቃ?» ትለኛለች። በዚህ ሳምንት 70 ደቂቃ ሞልቻለሁ። ቆዳዬም አልቀላም። ዳገቱን በጋሼ ዘዴ ነው የወጣሁት፣ በምሰሶ።

ቦርከና ወንድሜ፣ እዚያ እናንተ ጋ ሜዳ ነው ይባላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልውረድና አብረን እንሂድ?


ቦርከና፣ ቅዳሜ ማታ 4፡05

በደስታ! ከደሴ ጠዋት ተነሥተህ ሙቀቱ ሳይከብድ ድረስ። ድልድዩ ጋ እጠብቅሃለሁ።


ፊዚዮ ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ማታ 4፡20

ሁለት ትርፍ ካልሲና ደረቅ ፎጣ ያዝ። እዚህ ከደሴ ይሞቃል፣ ሶኬቱ ውስጥ ላብ ይቋጥራል። በየ20 ደቂቃው ተቀመጥ፣ አውልቅ፣ አድርቅ። እኔም ከሥራ ወጥቼ እመጣለሁ፤ እግርህን ላየው እፈልጋለሁ።


የጦሳ ጥላ፣ እሑድ ጠዋት 1፡30

እኔም መኪና ካገኘሁ እወርዳለሁ። ዛሬ ጠዋት ምቴን ቆጠርኩት፣ 70 ነው። ጽፌዋለሁ።